ከምኩራብ ወጥቶ ወዴት? በ17ኛው ክፍለ ዘመን አምስተርዳም ሃይማኖትን መተውና የዕለት ኑሮ



ዛሬ የመረጥሁት ጉዳይ በፍልስፍና ትምህርት ክፍል ደጋግሞ ይነሣል፤ በእኛ በታሪክ ክፍል ግን እምብዛም አይነሣም። ባሩክ ስፒኖዛ የተባለው የአምስተርዳም አይሁዳዊ በ23 ዓመቱ ከማኅበረሰቡ ተወግዞ እንደ ወጣ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሃይማኖት ሳይገባ እንደ ሞተ የማያውቅ የፍልስፍና ተማሪ የለም። ፈላስፎች የሚጠይቁት ሰውየው ምን አስቦ እንደ ወጣ ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ዝቅ ያለ የሚመስል ጥያቄ ነው። በማግሥቱ የት አደረ? ከማን ጋር በላ? ማን አበደረው? ሲሞትስ ማን ቀበረው?

ዕድር ባለበት አገር ላደገ አድማጭ ይህ ጥያቄ ዝቅ ያለ እንዳልሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በዚያ ዘመን አውሮፓም ሃይማኖት በልብ ብቻ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ልጅን በስም የሚመዘግብ፣ ድኻን የሚጦር፣ ባልና ሚስትን የሚያስታርቅ፣ ሙትን የሚቀብር ተቋም ነበር። ከእርሱ የወጣ ሰው ከአንድ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ ጥርጣሬ በጽሑፍ ምን ይመስላል ከሚለው ይልቅ ጥርጣሬ ቤት ውስጥ ምን ይመስላል የሚለውን ልከተል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ማኅበረሰቡ ጥቂት ልበል። በፖርቱጋል የነበሩ አይሁድ በ1497 በግድ ተጠመቁ። በ1536 በዚያች አገር ኢንኩዊዚሽን ተቋቋመና የተጠመቁት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በድብቅ የአባቶቻቸውን ሕግ ይጠብቃሉ እየተባሉ ይመረመሩ፣ ይታሰሩ፣ ይቃጠሉም ጀመር። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ጥቂቶቹ ወደ አምስተርዳም እየመጡ በግልጽ አይሁድ ሆኑ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ለሦስትና ለአራት ትውልድ ቅዳሴ ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። ብዙዎቹ ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ወንዶቹ የተገረዙት አዋቂ ከሆኑ በኋላ ነው። የምግቡን ሕግ፣ የሰንበቱን ሥርዓት፣ የጸሎቱን ሰዓት ከአባት ሳይሆን ከመምህር ተማሩ። አጥባቂነታቸው ከጥንት የተወረሰ ሳይሆን በቅርብ የተጠና ነበር፤ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በቅርብ የተማረ ሰው ደግሞ ሲጠየቅ አይወድም።

ሌላም ምክንያት ነበራቸው። የአምስተርዳም ከተማ በ1616 ባወጣው ደንብ አይሁድ የክርስትናን እምነት በቃልም ሆነ በጽሑፍ እንዳይነቅፉ፣ ክርስቲያኖችን ወደ ሃይማኖታቸው እንዳይስቡ ከልክሏል። የከተማይቱ ሹማምንት የሚታገሡት ሥርዓት ያለውን አይሁዳዊ እንጂ እግዚአብሔርንም መጻሕፍትንም የሚጠራጠረውን አልነበረም። በ1639 ሦስቱ የፖርቱጋል አይሁድ ጉባኤዎች ወደ አንድ ሲጠቃለሉ፣ ማአማድ የተባለው የነጋዴ ሽማግሎች ሸንጎ የማውገዝ ሥልጣን ያዘ። ውግዘቱ ብዙውን ጊዜ ለቀላል ነገር የሚውል መሣሪያ ነበር፤ ሽማግሎቹን የተዳፈረ፣ የማኅበሩን ደንብ የተላለፈ ይወገዝና ቅጣቱን ከፍሎ፣ በጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል። መመለሻ በር ያለው ቅጣት ነበር ማለት ነው።

በዚህ በር ሁለት ጊዜ የገባና ሁለት ጊዜ የወጣ አንድ ሰው አለ፤ ኡሪኤል ዳ ኮስታ። በፖርቶ የተወለደ፣ ክርስቲያን ሆኖ ያደገ፣ በኮይምብራ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የተማረ፣ በአገሩ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን በገንዘብ ያዥነት የተሾመ ነበር። ስለ ኃጢአት ስርየት መጨነቅ ሲጀምር ኦሪትን አነበበ፤ ካነበበም በኋላ ሹመቱንና ቤቱን ትቶ እናቱንና ወንድሞቹን ይዞ በባሕር ተሻገረ። ሲደርስ ግን ያገኘው አይሁድነት በኦሪት ያነበበው አልነበረም። ሙሴ ያልጻፈው የረቢዎች ሥርዓት በዝቶበት አየው። ተቃውሞውንም ጻፈ፤ በ1618 በቬኒስ፣ በ1623 በአምስተርዳም ተወገዘ። በ1624 ያሳተመው መጽሐፍ ተቃጠለ።

ከዚህ በኋላ ያለው የዳ ኮስታ ታሪክ በአብዛኛው ከራሱ የሕይወት ታሪክ የተወሰደ ነው። ይህ ጽሑፍ የታተመው እርሱ ከሞተ ከ47 ዓመት በኋላ፣ በ1687 ሲሆን፣ ያሳተመው ፊሊፕ ቫን ሊምቦርኽ የተባለ ክርስቲያን የነገረ መለኮት ሊቅ ነው፤ ያሳተመውም ከአንድ አይሁዳዊ ሐኪም ጋር ካደረገው ክርክር ጋር አያይዞ ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የሚነግረን የቤት ውስጥ ዝርዝር ማንም ለክርክር ብሎ የሚፈጥረው ዓይነት አይመስለኝም። ወንድሞቹ አብረውት መታየትን ፈርተው ራቁት። ልጆች በመንገድ ላይ ሲያገኙት ይጮኹበታል። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ከኖረ በኋላ ሐሳቡን ሳይለውጥ ለመመለስ ወሰነ፤ ቋንቋቸውን በማያውቀው ሕዝብ መካከል ብቻውን መኖር አልቻለም። ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ የእኅቱ ልጅ፣ በቤቱ የሚኖር ወጣት፣ አጎቱ የሚበላው ምግብና የሚያዘጋጅበት መንገድ ሕግን የጠበቀ እንዳልሆነ አወራ። ሊጀምረው ያሰበው ሁለተኛ ጋብቻ በዘመዶቹ ጣልቃ ገብነት ፈረሰ። ኋላም አይሁድ ለመሆን ምክር የጠየቁትን ሁለት ክርስቲያኖች ይቅርባችሁ ብሎ መለሳቸው፤ እነርሱም ነገሩን አወጡበት። ሁለተኛው ውግዘት እንደ ራሱ አነጋገር ሰባት ዓመት ቆየ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ዳ ኮስታን ያጋለጠው መጽሐፉ አልነበረም፤ መጽሐፉ ገና ዱሮ ተቃጥሏል። ያጋለጠው ድስቱ ነው። በልቡ ያላመነ ሰው በአፉ እሺ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን በየቀኑ መብላት አለበት፣ የሚበላውንም የሚያይ ሰው በቤቱ አለ። ማንኛውም አጥባቂ ሥርዓት ምግብን ለምን ያን ያህል እንደሚቆጣጠር የሃይማኖት ምሁራን ብዙ ጽፈዋል። ለእኔ አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ማዕድ ሊደበቅ አይችልም።

ሌላ አንድ ነገር። እናቱ ከእርሱ ጋር ጸንታ ቆየች። ጉዳዩ ለቬኒሱ ረቢ ለያዕቆብ ሌዊ በጥያቄ መልክ ቀርቧል፤ ከተወገዘ ልጇ ያልተለየች አሮጊት ብትሞት በአይሁድ መቃብር ትቀበርን? በ1628 ስትሞት በአውደርከርክ ባለው የማኅበሩ መካነ መቃብር ተቀብራለች። ስለ እምነቷ የምናውቀው ከዚህ የዘለለ አይደለም። የፍልስፍና ታሪክ መጻሕፍት አይጠቅሷትም፤ ግን በሃይማኖትና በልጅ መካከል የቆመችው እርሷ ነበረች።

በ1640 ዳ ኮስታ እንደገና ለመታረቅ ተስማማ። በምኩራቡ ልብሱን እስከ ወገቡ አወልቆ 39 ጅራፍ ተገረፈ፤ ከዚያም በደጃፉ ወለል ላይ ተጋድሞ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ልጁም በላዩ ተራምዶ ወጣ። በዚያው ዓመት በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ስፒኖዛ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ይኖርም የነበረው በዚያው ሰፈር ነው። ያየውን ወይም የሰማውን የጻፈበት ቦታ ስለሌለ ከዚህ አልፌ አልሄድም። በኋላ የመጡ ሠዓሊዎች ሕፃኑን በዳ ኮስታ ጭን ላይ አስቀምጠው ሥለዋል፤ ለሠዓሊ የተፈቀደ ለታሪክ ጸሐፊ አልተፈቀደም።

ስፒኖዛ የተወለደው በ1632 ነው፤ የእኛው ፋሲለደስ የነገሠበት ዓመት። አባቱ ሚካኤል ነጋዴ ነበር፤ በ1654 ሲሞት ንግዱ ለባሩክና ለወንድሙ ለገብርኤል ቀረ፤ ዕዳውም አብሮ ቀረ። በመጋቢት 1656 ባሩክ ገና 25 ዓመት እንዳልሞላው ጠቅሶ ለከተማይቱ ባለ ሥልጣናት አመለከተ፤ ሞግዚት ተሾመለትና ከአባቱ ዕዳ ነጻ የሚሆንበትን መንገድ አገኘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 27 ቀን በሃውትግራኽት ባለው ምኩራብ ውግዘቱ ተነበበ። ቃሉ ከተለመደው ውግዘት እጅግ የከበደ ነው። በቀንም በሌሊትም፣ ሲተኛም ሲነሣም የተረገመ ይሁን ካለ በኋላ ወደ ተግባሩ ይገባል፤ ማንም በቃልም ሆነ በጽሑፍ አያናግረው፣ ማንም ውለታ አይዋልለት፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር አይደር፣ በአራት ክንድ ርቀት አይቅረበው፣ የጻፈውን አያንብብ። ምን እንደ ተናገረና ምን እንደ ሠራ ግን በዝርዝር አይናገርም።

አንዳንድ የታሪክ ባለሙያዎች የውግዘቱ ዋና ምክንያት ያ የዕዳ ጉዳይ ነው ይላሉ፤ የማኅበሩን ዳኝነት ትቶ ወደ ከተማው መሄዱ፣ ከነጋዴዎች መካከል የነበሩትን ሽማግሎች አስቆጥቷል በማለት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሰነድ የሚያነብ ሰው ሐሳብ ነው። ሆኖም የውግዘቱ ጽሑፍ ራሱ ክፉ ሐሳብንና ትምህርትን ይጠቅሳል፤ ለዕዳ ይህን ያህል እርግማን አያስፈልግም። ሁለቱ አብረው ሄደው ይሆናል።

የወጣው ሰው ምን እንደ ተሰማው የሚነግረን አንድ ያልተጠበቀ ምስክር አለ። በ1659 ቶማስ ሶላኖ ኢ ሮብሌስ የተባለ የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ በማድሪድ ኢንኩዊዚሽን ፊት ቀርቦ በአምስተርዳም ያያቸውን ሰዎች ዘረዘረ። ከእነርሱም መካከል ስፒኖዛና ከእርሱ በኋላ የተወገዘው ሐኪም ኹዋን ደ ፕራዶ ይገኙበታል። መነኩሴው እንደ ተናገረው ሁለቱ ነፍስ ከሥጋ ጋር እንደምትሞት፣ እግዚአብሔርም ያለው በፍልስፍና ብቻ እንደሆነ ያምኑ ነበር። ቀጥሎ ግን ማንም ፈላስፋ የማይመዘግበውን መዘገበ፤ በሐሳባቸው ደስተኞች ቢሆኑም ከምኩራቡ ይሰጥ የነበረው ምጽዋት በመቋረጡና ከሌሎቹ አይሁድ ጋር መነጋገር በመቅረቱ ያዝኑ ነበር። ምጽዋቱ ድኻ የነበረውን ፕራዶን የሚመለከት ይመስለኛል። የንግግሩ መቅረት ግን የሁለቱም ነው። ፕራዶ ውግዘቱ እንዲነሣለት ደጋግሞ ጠይቋል። ስፒኖዛ ስለ መጠየቁ የቀረ ሰነድ የለም።

ታዲያ ዳ ኮስታ ያልቻለውን ስፒኖዛ እንዴት ቻለው? የተለመደው መልስ የባሕርይ ጽናት ነው። እኔ በዚህ አልረካም። ዳ ኮስታ ሲወጣ የሚሄድበት ቤት አልነበረውም፤ ስፒኖዛ ሲወጣ ነበረው። በንግድ ሥራው ከተዋወቃቸው ክርስቲያኖች መካከል ያሪኽ የለስና ሲሞን ደ ፍሪስ ይገኙበታል። የቅርብ ወዳጆቹ ብዙዎቹ ሜኖናይቶችና ኮሌጂያንቶች ነበሩ። ኮሌጂያንቶች ካህን የሌለበት ስብሰባ የሚያደርጉ፣ ማንም ተነሥቶ የሚናገርባቸው፣ ከካልቪናዊቱ ቤተ ክርስቲያን አጥር ወጣ ብለው የቆሙ ክርስቲያኖች ናቸው። ስፒኖዛ ከእነርሱ ማኅበር አልገባም፤ እነርሱም እንዲገባ ግድ አላሉትም። ሃይማኖት የሌለው ሰው የሚኖርበት ሕጋዊ ቦታ በኔዘርላንድስም አልነበረም። የነበረው ሳይጠይቁ የሚያስጠጉ ቤቶች ነበሩ። ዘመናዊ ጸሐፊዎች ስፒኖዛን የመጀመሪያው ዓለማዊ አይሁዳዊ ይሉታል፤ ይህ ስያሜ በኋላ የመጣ ነው፤ እርሱን ያስጠጉት ሁሉ ጸሎት የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ።

ከ1661 ጀምሮ በራይንስበርኽ ከአንድ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ቤት፣ ከ1663 ጀምሮ በፎርበርኽ ከአንድ ሠዓሊ ቤት፣ በመጨረሻም በዘ ሄግ ሄንድሪክ ቫን ደር ስፓይክ ከተባለ ሌላ ሠዓሊ ቤት በኪራይ ኖረ። የማይክሮስኮፕና የቴሌስኮፕ ሌንስ ይሞርድ ነበር። ሲሞን ደ ፍሪስ በዓመት 500 ጊልደር እንዲሰጠው ወንድሙን አደራ ብሎ ሲሞት፣ ስፒኖዛ 300 ይበቃኛል ብሎ ቀነሰው። ይህን ሁሉ የምናውቀው ዮሐንስ ኮሌሩስ በ1705 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ኮሌሩስ በዘ ሄግ የሉተራውያን ሰባኪ ነበር፤ የስፒኖዛን ትምህርት አጥብቆ ይጠላል። ነገር ግን ቫን ደር ስፓይክና ሚስቱ የእርሱ ምእመናን ስለነበሩ ጠይቆ ጻፈ፣ የተረፉትንም የወጪ ወረቀቶች አገላበጠ። አንድ ቀን ስፒኖዛ የበላው በቅቤ የተሠራ የወተት ሾርባ ነው፣ ዋጋው 3 ስታይቨር፤ ከአንድ ተኩል ስታይቨር ቢራ ጋር። ሌላ ቀን ደግሞ ዘቢብና ቅቤ የገባበት ገንፎ በ4 ተኩል ስታይቨር። ይህን ስጽፍ ዳ ኮስታን ያጋለጠውን ድስት አስታወስሁ። እዚህም የሚበላውን የሚያይ ሰው በቤቱ ነበረ፤ የታየው ግን ወጪው ብቻ ነው።

ኮሌሩስ ሌላም ይነግረናል። ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ስፒኖዛ ስብከቱ ምን እንደነበረና ምን እንዳገኙበት ይጠይቃቸዋል። ከኮሌሩስ በፊት የነበረውን ሰባኪ ያደንቃል፤ አልፎ አልፎም ሄዶ ያዳምጠዋል። የቤቱ እመቤት በሃይማኖቷ ትድን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቀችው። ሃይማኖትሽ መልካም ነው፣ በሰላምና በመልካም ሥራ እስከኖርሽ ድረስ ሌላ መፈለግ የለብሽም ብሎ መለሰላት። ይህን ተከራይ ለአከራይ የሚናገረው ትሕትና ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን በ1670 ያሳተመው የሥነ መለኮትና የፖለቲካ ድርሳን ከሚያስተምረው ጋር የማይቃረን ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በዚያ መጽሐፍ የእምነት መለኪያው ታዛዥነትና ባልንጀራን መውደድ ነው።

መውጣቱ ሙሉ ነበርን? በ1665 ለአንድ ክርስቲያን ነጋዴ በደች ቋንቋ ሲጽፍ ያደግሁበት ቋንቋ ቢሆን ሐሳቤን የተሻለ እገልጽ ነበር ይላል። ከተወገዘ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሲሞት ያልጨረሰው የዕብራይስጥ ሰዋስው ከወረቀቶቹ መካከል ተገኘ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በ1675 ገደማ ለአልበርት ቡርኽ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ቡርኽ ወጣት ወዳጁ ነበር፤ በጣልያን ካቶሊክ ሆነና የሰማዕታቱን ብዛት የእምነቱ ማስረጃ አድርጎ መምህሩን ገሠጸ። ስፒኖዛ በቁጣ ሲመልስ፣ በእሳት መካከል ሞቷል ሲባል መዝሙር የጀመረ አንድ አይሁዳዊ እንደሚያውቅ ይጠቅሳል። ይህ ሰው በ1644 በስፔን ከተማ በቫያዶሊድ የተቃጠለ ነው። ስፒኖዛ ያኔ ልጅ ነበር፤ ስፔንንም አይቶ አያውቅም። ታሪኩን የሰማው በአምስተርዳም፣ ከዚያው ካወገዘው ማኅበረሰብ አፍ መሆን አለበት። ክርክሩ የማንም ሰማዕት ማስረጃ አይሆንም የሚል ነው፤ ምሳሌውን ሲፈልግ ግን እጁ የሄደው ወደ ልጅነቱ ሰፈር ሰማዕት ነው።

ከመካከላችሁ ዘርዓ ያዕቆብን የሚያስታውስ እንዳለ አውቃለሁ። በሐተታው መሠረት በዚያው ክፍለ ዘመን በሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በዋሻ የኖረ፣ ኋላም በእንፍራዝ የተቀመጠ ሰው ነው። ጽሑፉ የእርሱ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ካነሣው ወዲህ አልተዘጋም፤ ክላውድ ሰምነር ለኢትዮጵያዊነቱ ብዙ ተሟግቷል። ዛሬ አልፈታውም። ለርእሳችን የሚጠቅመው ይህ ነው፤ በሐተታው የሚጠራጠረው ሰው ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ መዝሙረ ዳዊት እየገለበጠ፣ ልጆቹን እያስተማረ ይኖራል፤ በሰው ፊት ክርስቲያን መስሎ ይታያል፣ በልቡ ግን ከእግዚአብሔር በቀር በሌላ አያምንም። የጻፈው ማንም ይሁን ማን፣ ተጠራጣሪ ሰው የሚያስጠጋ ቤትና የእጅ ሥራ እንደሚያስፈልገው ያውቅ ነበር። ልዩነቱ ስፒኖዛ መምሰል አላስፈለገውም፤ ዳ ኮስታ ደግሞ መምሰል አልቻለም።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። የካቲት 21 ቀን 1677 እሑድ ነበር። ስፒኖዛ 44 ዓመቱ ነው፤ የሳንባ ሕመሙ ጸንቶበታል። ጧት ወርዶ ከባለ ቤቶቹ ጋር ተጨዋወተ። ከአምስተርዳም የመጣው ሐኪም አሮጌ አውራ ዶሮ ተቀቅሎ መረቁን እንዲጠጣ አዝዞ ነበርና እኩለ ቀን ላይ ቀመሰ። ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ሲመለሱ ሞቶ አገኙት። ከአራት ቀን በኋላ በዘ ሄግ አዲስ ቤተ ክርስቲያን፣ በካልቪናውያን ሕንፃ ውስጥ ተቀበረ። ያልተጠመቀ፣ ከምኩራብ የተወገዘ ሰው ነው፤ ስድስት ሠረገላ ተከተለው። የመቃብሩን ወጪ የተዋሰው ቫን ደር ስፓይክ ነበር፤ በስኪዳም ያለ የሟቹ ወዳጅ በኋላ ገንዘቡን ላከለት።

እኅቱ ርብቃ ርስቱን ጠየቀች። አስቀድሞ በአባታቸው ውርስ ተካሰው፣ ወንድሟ ከረታ በኋላ ከአንድ አልጋና ከመጋረጃው በቀር ሁሉን ትቶላት እንደነበር ይነገራል። አሁን ግን የንብረቱ ዋጋ ከዕዳውና ከቀብሩ ወጪ እንደማይተርፍ ስታይ ውርሱን ተወችው። መጻሕፍቱና ልብሱ በጨረታ ተሸጡ።

ባለ ዕዳዎችም ሒሳባቸውን አቀረቡ። ጢሙን ይላጨው የነበረው ጸጉር አስተካካይ የመጨረሻውን ሩብ ዓመት ሒሳብ ሲጽፍ ከስፒኖዛ ስም ጋር የጨመረው ቃል ደቾች ለሟች ሁሉ የሚሉት፣ እኛ "ነፍሱን ይማረውና" እንደምንለው ያለ ቃል ነው። ሌሎቹ ባለ ሱቆችም እንዲሁ ጻፉ። ኮሌሩስ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ይህን አይቶ ተቆጣ፤ እነዚህ ሰዎች የሟቹን ትምህርት ቢያውቁ ኖሮ ይህን ቃል ባልደፈሩ ነበር፣ ወይም ደግሞ ልማድ ሆኖባቸው ነው አለ። ጸጉር አስተካካዩ ይጠይቅ የነበረው 1 ጊልደር ከ18 ስታይቨር ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።